ጳጉሜን የረሳች እናት
የአንባቢያን ጥያቄና የቄሱ መልስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የዚህ ወር ደብዳቤዎችን ዘርግፌ ሳያቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስለ ክርስትና ማስነሣት ናቸው። አይገርምም። መስከረም ጠብቶ ጭቃው መድረቅ ሲጀምር፣ እኛ ሰፈር ሕፃን ታቅፎ የማይመጣ የለም።

አዲስ ለሆናችሁ ራሴን ላስተዋውቅ። ቄስ ነኝ። የማገለግልበት ደብር ከአያት አልፎ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳው የሚጀምርበት ዳር ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ገና ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲጥል ቅዳሴው አይሰማም። ክርስትና ቤታችን ደግሞ ከሱም ታንሳለች። አራት ሰው ከገባባት አምስተኛው ደጅ ይቆማል። የምጽፍላችሁ እዚያች ክፍል ውስጥ ሆኜ ካየሁት ነው።

ጥያቄ፦ ቀሲስ፣ ይፍቱኝ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ሐምሌ 20 የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ፤ ሴት ናት። ስቆጥረው 80 ቀኗ ጥቅምት 9 ይሆናል። እኔ በቀኗ ክርስትና እንድትነሣ ነው የምፈልገው። ባለቤቴ ግን “ለጥምቀት ወንድሜ ከዱባይ ይመጣል፤ ክርስትና አባት እሱ ይሁናት። ደግሞ ለመጠመቅ ከጥር 11 የተሻለ ቀን የት ይገኛል? አሁን ለድግስ የሚሆን ብርም የለንም” ይለኛል። አማቴ ደግሞ “ምን አስቸኮላችሁ፣ ቤቱ ጠበል ሲረጭ ለልጅቷም ደርሷታል” ይላሉ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። መጀመሪያ ጣትሽን ዘርጊና አብረን እንቁጠር።

የተወለደችበትን ቀን ጨምረሽ ከሐምሌ 20 እስከ ሐምሌ 30፣ 11 ቀን ነው። በነሐሴ 30 ቀን 41 ይሆናል። በጳጉሜ 5 ቀን 46። በመስከረም 30 ቀን 76። ቀሪው 4 ነው። እንግዲህ 80 ቀኗ ጥቅምት 4 እንጂ ጥቅምት 9 አይደለም። ጳጉሜን ረስተሻታል! አይዞሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም። ክረምት የሚወልዱ እናቶች ሁልጊዜ እሷን እየዘለሉ ይመጡብኛል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ስለምትሆን ቀኑ አንድ ቀን ቀደም ይላል። ዘንድሮ ግን 5 ነበረች። ስለዚህ ጊዜሽ ከመሰለሽ በአምስት ቀን ያጥራል።

ለምን 80? ለምንስ ለወንድ 40? ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12ን ክፈቺ። ወንድ የወለደች እናት 7 ቀንና 33 ቀን ትቆያለች። ደምሪው፣ 40 ነው። ሴት የወለደች 14 ቀንና 66 ቀን፤ 80። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት ገቡ ይላል። የእኛ አባቶች ሁለቱን አንድ ላይ ያነቧቸዋል። ሕፃኑ ወደ ክርስትና ቤት የሚገባበት ቀን አዳም ገነት የገባበት ቀን ነው ይላሉ። “ሴቷ ለምን እጥፍ? ታንሳለች ወይ?” ብለው የሚጠይቁኝ ወጣት እናቶች አሉ። አታንስም። ሔዋን የገባችው ወደዚያው ገነት ነው። ወንዱ የሚጠመቅበት ውኃ፣ የሚቀባው ሜሮን፣ የሚቀበለው ቁርባን ምንም ሳይቀነስ ለሴቷም ነው።

ቀኑ ቢያልፍ በሩ ይዘጋል ማለት አይደለም። ሰው በማንኛውም ዕድሜው ይጠመቃል። ሕፃን ታሞ የሚያሰጋ ከሆነም 40ና 80 አይጠበቅም። በሌሊትም ቢሆን ቄስ ይጠራል። ግን ጤነኛ ልጅ ይዞ፣ ቀኑን እያወቁ፣ ለድግስ ሲሉ ሦስት ወር ማቆየት ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ሦስት ነገር ተናግሯል፤ ሦስቱንም ስቷል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ቋንቋችን ነው ያሳሳተው። አማርኛችን “ጥምቀት” በሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይጠራል።

አንደኛው ጥር 11 የምናከብረው በዓል ነው። ጌታ በዮርዳኖስ የተጠመቀበትን እናስባለን። ጥር 10 ለከተራ ታቦታቱ ይወርዳሉ፤ በማግሥቱ ውኃው ተባርኮ ይረጫል። ጃን ሜዳ ሄደሽ የረጠብሽው መታሰቢያውን ለማክበር ነው እንጂ እንደገና ክርስቲያን ለመሆን አይደለም። ይሄ መምታታት ዛሬ የመጣ እንዳይመስልሽ። የዛሬ 500 ዓመት ገደማ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ፣ በአጼ ልብነ ድንግል ዘመን ሕዝቡ በጥምቀት በዓል ውኃ ውስጥ ሲገባ አየ። በየዓመቱ እንደገና የሚጠመቁ መሰለው። “ጥምቀት እኮ አንዲት ናት” ብሎ ተከራከረ። ስለ አንዲቷስ ልክ ነበር። እኛም በጸሎተ ሃይማኖት “ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት” እንላለን፤ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን ማለት ነው። የባለቤትሽና የአልቫሬዝ ስህተት አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም በዓሉን ከምሥጢሩ ጋር ደባለቁት።

ሁለተኛው ጠበል መጠመቅ ነው። ሽንቁሩ ሚካኤል ወይም እንጦጦ ወጥተሽ ለራስ ምታትሽ ትጠመቂያለሽ። ሰባት ቀንም፣ አሥራ አራት ቀንም፣ የፈለግሽውን ያህል ትመላለሺያለሽ። እሱ ፈውስና በረከት ነው። “ለልጅቷም ደርሷታል” ላሉሽ ለአማትሽም መልሱ እዚህ ላይ ነው። አራስ ቤት የሚረጨው ጠበል ቤቱንና ቤተሰቡን ይባርካል። ለልጅቷም ጠብታው ደርሷት ይሆናል። ክርስትና አነሣት ማለት ግን አይደለም። ሳቅ ብለሽ፣ በትሕትና ንገሪያቸው።

ሦስተኛው ያንቺ ጥያቄ ነው፤ ክርስትና መነሣት። ይሄ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አይደገምም። ጌታ ለኒቆዲሞስ ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ አይችልም ያለው ስለዚህ ነው። ጥምቀት መወለድ ነው፤ ልጅነት የሚገኘው በሱ ነው። ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ አይወለድም። አንቺም ሐምሌ 20 ያየሽው ነገር ነው፤ ድገሚው ብትባይ ምን እንደምትዪ አላውቅም።

ድግሱን በተመለከተ ግን ትንሽ ልናደድ። ለክርስትና ድግስ ብሎ ከዕቁብ ተበድሮ ድንኳን የሚተክል ሰው ሰፈራችን ሞልቷል። ልጁ ዓመት ሲሞላው ዕዳው አላለቀም። በመጽሐፈ ክርስትና ውስጥ ድንኳን የለም። ዶሮ የለም፤ ዲጄም የለም። ውኃ፣ ቅብዐት፣ ሜሮን፣ ቁርባን ናቸው ያሉት። ቤትሽ ዳቦ ጋግረሽ፣ ቡና አፍልተሽ ጎረቤት ብትጠሪ ማን ይቆጣሻል? የዱባዩ ወንድምም በጥር ሲመጣ ያኔ ይደገስለት። ቁርጥ ይቆረጥለት። የልጅቷ ክርስትና ግን እሱን አይጠብቅም።

ክርስትና አባት መሆንም አይችልም። ለወንድ ልጅ ክርስትና አባት፣ ለሴት ልጅ ክርስትና እናት ነው ሥርዓቱ። አጎቷ ነው፤ አጎትነቱ ይበቃዋል። አንቺ ከአሁኑ የምታምኛት፣ የምትቆርብ፣ ቅርብሽ ያለች ሴት ፈልጊ።

“ጠዋት ምን ይሆናል?” ብለሽ ባትጠይቂም ልንገርሽ። የመጀመሪያ ልጅ ያላቸው እናቶች ሲመጡ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ትደርሻለሽ። በዚያን ሰዓት ባጃጅ ላይገኝ ስለሚችል ማታውኑ ሰው ተናገሪ። ልጅቷ ስለምትቆርብ ከመምጣትሽ በፊት ጡት አታጥቢያት። ታለቅሳለች። ሁሉም ያለቅሳሉ፤ አትደንግጪ። ክርስትና እናቷ ታቅፋት ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ ስለ ልጅቷ “እክህደከ ሰይጣን” ትላለች። ካድኩህ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞራ ታምናለች፤ ጸሎተ ሃይማኖት ይደገማል። ካህኑ ውኃውን በጸሎትና በመስቀል ይባርካል። ከዚያ ልጅቷን ተቀብሎ ሦስት ጊዜ ውኃው ውስጥ ያጠልቃታል፣ ያወጣታል። “አጠምቀኪ በስመ አብ” ብሎ አንድ፣ በወልድ ሁለት፣ በመንፈስ ቅዱስ ሦስት። ሦስት መሆኑ ለሥላሴ ነው። ጌታ ሦስት ቀን በመቃብር ማደሩም አለበት። ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 6 ከክርስቶስ ጋር በጥምቀት ተቀበርን ያለውን እዚያች ትንሽ ገንዳ ላይ በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

ከውኃው ስትወጣ ወዲያው ሜሮን ትቀባለች። 36 ቦታ ነው የሚቀባው፤ ከግንባር ጀምሮ፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍ፣ እያለ እስከ እግር። ሌሎች ዘንድ ሜሮን ልጁ እስኪያድግ የሚቆይበት አለ። እኛ ዘንድ በዚያው ጠዋት ነው። ማዕተብ አንገቷ ላይ ይታሰራል። የክርስትና ስሟ ይሰጣታል። በቅዳሴውም ትቆርባለች።

ውኃው ይሞቃል ወይ? እናቶች ሁሉ በጆሮዬ የሚጠይቁኝ ይህን ነው። የጥቅምት ንጋት እኛ ዳር ላይ አጥንት ይሰረስራል። ዲያቆናችን ከሌሊቱ ጀምሮ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ከሰል ላይ ይጥዳል። ቀዝቃዛው ላይ ሲጨመርበት ለብ ይላል። እኔ በክርኔ ነክቼ ሳላየው ልጅ አልቀበልም። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ “በጥንት ጊዜ ማን አሞቀላቸው?” ብለው ገሠጹኝ። ዲዳኬ የሚባለው በጣም የቆየ የክርስቲያኖች ጽሑፍ ወራጅ ውኃ ካልተገኘ በሌላ ውኃ፣ በቀዝቃዛ ካልተቻለ በሙቅ አጥምቁ እንደሚል ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ከሰሉን የሚገዙልን እሳቸው ናቸው።

ሁለት ነገር ልጨምርና ልልቀቅሽ። ጥቅምት 4 የአብርሃና አጽብሓ በዓል ነው። አባ ሰላማ ከእስክንድርያው ከአትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብሎ መጥቶ ጥምቀትን ያስፋፋው በእነሱ ዘመን ነው። ከዚህ የተሻለ ቀን ባለቤትሽ ከየት ያመጣል? ሌላው የወረዳ ጉዳይ ነው። ልደት መመዝገብ ያለበት በ90 ቀን ውስጥ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የምትወስጂው የጥምቀት ምስክር ወረቀት የወረዳውን አይተካም። ለሴት ልጅ ከ80 በኋላ የሚቀርሽ 10 ቀን ነው። ክርስትናውን አስነሥተሽ፣ ዳቦውን ቆርሰሽ፣ በዚያው ሳምንት ወረዳ ድረሺ።

ጥያቄ፦ አባታችን፣ ከጀሞ ነው የምጽፈው። የፎቅ ጎረቤቴ ሴት ልጇን ክርስትና እንዳነሣላት ጠየቀችኝ። ደስ ብሎኛል፤ ግን ምን መግዛት እንዳለብኝ አላውቅም። ወርቅ ይገዛል የሚሉኝ አሉ። ሦስት ወንድ ልጆች አሉኝ፤ ይሄ ችግር አለው?

መልስ፦ ወርቁን ተዪው። ነጭ ልብስ፣ ንጹሕ ነጠላና ወፍራም ፎጣ ያዢ። ፎጣ የሚረሳ ብዙ ነው። ልጁ በርዶት እያለቀሰ የእናቱ ነጠላ ይበጣጠሳል።

ከዚያ ይልቅ ጸሎተ ሃይማኖትን አጥኚ። ባለፈው ዓመት አንዲት ክርስትና እናት በግራ እጇ ልጅ ታቅፋ በቀኝ እጇ ቪዲዮ ትቀርጽ ነበር። “እክህደከ ሰይጣን” ስላት፣ “አንዴ ይድገሙልኝ አባ፣ አልገባም” አለችኝ። ያልገባው ስልኩ ላይ ነው። ሥርዓቱን አቁሜ ስልኩን ለዲያቆኑ ሰጠሁት። ተቀየመችኝ መሰለኝ። ምን ላድርግ።

ስለ ወንዶቹ ልጆችሽ ጥሩ ጠየቅሽ፤ ብዙ ሰው አይጠይቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ እህታቸው ናት። የመንፈስ ዝምድና እንደ ሥጋ ዝምድና ይቆጠራል፤ ጋብቻ አይታሰብም። ፍትሐ ነገሥቱም ይከለክለዋል። ጎረቤት ስለሆናችሁ አብረው ነው የሚያድጉት፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ንገሪያቸው። ሃያ ዓመት ሲሞላቸው መናገር ጣጣ ነው።

የክርስትና እናት ሥራ ግን ከዚያ ጠዋት በኋላ ነው የሚጀምረው። ይሄን ስል ራሴን እየወቀስኩ ነው። 19 ዓመቴ ሳለ፣ ዲያቆን ሆኜ፣ የጎረቤት ልጅ ክርስትና አነሣሁ። ፎቶ ተነሣን። ዶሮ በላሁ። ሰፈር ቀየርን። ረሳሁት። ከ20 ዓመት በኋላ ከመገናኛ ታክሲ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ሒሳብ ስሰጠው አልቀበልም አለኝ። “አባ፣ ክርስትና አባቴ እኮ ነዎት” አለ። ደነገጥኩ። እናቱ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅላ “ክርስትና አባትህ ይህ ነው፤ ቄስ ሆኗል አሉ” እያለች አሳድጋዋለች። “የክርስትና ስምህ ማን ነበር?” ልለው አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። እሱ እኔን ሊጠይቀኝ ሲገባ! እስከ አያት ድረስ በሩን ይዞ እየጮኸ፣ በየመሃሉ እየዞረ ፈገግ ይልልኛል። ወርጄ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ።

ኋላ ግን ፈለግሁት። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቡና እንጠጣለን። ከክርስትናው ጠዋት በኋላ ቆርቦ እንደማያውቅ ነገረኝ። ማን ወስዶት? ይዞት መምጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ። እናት አባቱ ቢደክማቸው፣ ቢሞቱ፣ ቢጣሉ፣ ይሄን ልጅ እኔ አስተምረዋለሁ ብዬ በቤተ ክርስቲያን ፊት ቆሜአለሁ።

ስለዚህ አንቺ የልደቷን ቀን ያዢ። ንባብ ስትጀምር መዝሙረ ዳዊት ግዢላት። እሑድ ጠዋት በሯን አንኳኪ። ፎቅ ላይ ያላችሁ ጎረቤታሞች ናችሁ፤ እንደኔ ታክሲ ውስጥ እስክትገናኙ አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ቄስ። ሰበታ ነው ያለሁት፤ ዕድሜዬ 27 ነው። በ40 ቀኔ ክርስትና ተነሥቻለሁ። እጮኛዬ ጴንጤ ናት። አባቷ “ሕፃን ሆነህ የተደረገልህ ጥምቀት አይደለም። አምነህ ካልተጠመቅህ ልጄን አልሰጥም” ይሉኛል። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም አንዳንዴ “ያኔ ምን አውቄ?” እላለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የማን ወገን እንደሆንኩ ቆቡ ይናገራል። ስለዚህ ለኔ ስትል ሳይሆን አመዛዝነህ አንብበኝ።

መጀመሪያ አባቷን በደንብ እንስማቸው። “ያመነ የተጠመቀም ይድናል” የሚለውን ነው የሚይዙት። ማመን ይቀድማል፣ ሕፃን ደግሞ ማመኑን መናገር አይችልም፤ ስለዚህ አድጎ ይጠመቅ ይላሉ። ሙሉ ወንጌልና ቃለ ሕይወት እንዲህ ያስተምራሉ። ሁሉም ወንጌላውያን ግን እንዲህ አይሉም። መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ያጠምቃል። ካቶሊኮችም ያጠምቃሉ። ስለዚህ ክርክሩ በኛና በእነሱ መካከል ብቻ አይደለም። በእነሱም መካከል አለ።

ለአዋቂ ትምህርት እንደሚቀድም እኛም እናምናለን። ከሌላ እምነት የሚመጣ ሰው ክርስትና ቤት ከመግባቱ በፊት ይማራል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሰረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ አስተማረው። ከዚያ ውኃ አይቶ እንዳልጠመቅ ምን ይከለክለኛል አለ። እዚያው ወርደው ተጠመቀ። ምዕራፍ 16 ላይ ደግሞ የወኅኒ ጠባቂው ከነቤተሰቡ በአንድ ሌሊት ተጠመቀ። እኛ “ከነቤተሰቡ” የሚለው ሕፃናትንም ይይዛል እንላለን። እነሱ ሕፃን የሚል የት ተጽፏል ይላሉ። አዎ፣ ሕፃን ብሎ አልጻፈም። ቤተሰቡን ግን ለይቶ አላስቀረም።

“ምን አውቄ?” ላልከው ልመልስ። እናትህ አማርኛ ስታስተምርህ ምን አወቅህ? ኦሮምኛውንስ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትለምድ ማን አስፈቀደህ? ዛሬ ግን የምታስበው በሁለቱ ነው። ያለ እነሱ አንተ አንተን አትሆንም። እኛ ጥምቀትን እንዲህ እናየዋለን፤ ሕፃኑ ዐውቆ የሚሠራው ሳይሆን የሚቀበለው ስጦታ ነው። ማወቁ ኋላ ይመጣል። አለመምጣቱ ግን ችግር ነው፤ ይሄን አልክድህም። በ40 ቀኑ ተነሥቶ፣ ዳግመኛ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ለቀብር የሆነ ስንት ሰው አለ! ምናልባት አባቷ ያዩት እንደዚህ ያለውን ሰው ይሆናል። እሱ ላይ ተቃውሞ የለኝም። መድኃኒቱ ግን ሁለተኛ ውኃ አይደለም። ንስሐ ነው፣ ቁርባን ነው፣ መማር ነው።

ደግመህ ተጠመቅ መባል በዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። አጼ ሱስንዮስ በ1622 በፈረንጆች አቆጣጠር ካቶሊክ ከሆኑ በኋላ፣ ከሮም የተላከው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ አለ። ገበሬው “እስከ ዛሬ ክርስቲያን አልነበርኩም ወይ?” ብሎ ተነሣ። በርግጥ ያስቆጣው እሱ ብቻ አልነበረም። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መለሱ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ይሄን የምነግርህ አባቷን ከሜንዴዝ ጋር ላመሳስላቸው አይደለም። እሳቸው ጦር የላቸውም፤ ልጅ ናት ያለቻቸው። ግን “እስከ ዛሬ አልነበርኩም ወይ?” የሚለው ጥያቄ ላንተም ነው።

ምክሬ ይህ ነው። ለሰርግ ብለህ አትጠመቅ። የነሱ መጋቢም ቢሆን በቅንነት ከጠየቅኸው ይሄንኑ ይልሃል ብዬ እገምታለሁ፤ ሳያምኑ መጠመቅ በነሱም ትምህርት ዋጋ የለውምና። ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ከልጅቷ ጋር ቁጭ በሉና ልጅ ስትወልዱ በስንት ቀኑ፣ የት፣ ማን እንደሚያጠምቀው አሁኑኑ ተነጋገሩ። ለመነጋገር የሚያስፈራችሁ ከሆነ ችግሩ የአባቷ አይደለም። ከዚያ ንስሐ አባትህ ዘንድ ሂድ። ንስሐ አባት ከሌለህ፣ ከሰበታ እዚህ ድረስ ሩቅ ቢሆንም፣ ና። ቡና አለ።

ጥያቄ፦ አባ፣ እንደምን አሉ? ከአስኮ ነኝ። ዕድሜዬ ከ70 አልፏል። ልጅነቴ ገጠር ነው፤ ክርስትና መነሣቴን እናቴ ትነግረኝ ነበር። የክርስትና ስሜን ግን አላውቀውም። መቁረብ ፈልጌ ቄሱ ስም ሲጠይቁኝ አፍሬ ተመለስኩ። እንደገና መጠመቅ አለብኝ ወይ?

መልስ፦ እናቴ፣ ለምን ያፍራሉ? የለብዎትም። ስሙ ጠፋ እንጂ ጥምቀቱ አልጠፋም። ይመለሱና ለንስሐ አባትዎ ልክ ለኔ እንደጻፉልኝ ይንገሯቸው። መላውን ያውቁታል፤ በየሳምንቱ የሚገጥመን ነገር ነው።

ከዚያ በፊት ግን ትንሽ እንፈልግ። ክርስትና እናትዎ ማን ነበሩ? ልጆቻቸው በሕይወት አሉ? ታላቅ እህት ወይም የአክስት ልጅ አገር ቤት ካለች ይደውሉላት። አሮጊቶች ስም አይረሱም። “ወለተ ማርያም ነበር፣ አይ ወለተ ጊዮርጊስ” እያሉ ሲከራከሩ አንዷ ታገኘዋለች። ክርስትና የተነሡባትን ቤተ ክርስቲያን ታቦትም ይጠይቁ፤ ስሙ ብዙ ጊዜ ከታቦቱ ወይም ከዕለቱ ቅዱስ ይወጣል።

የኔን ስም አባቴ የዳዊቱ የመጨረሻ ቅጠል ላይ ጽፎት ነበር። የወንድሜን አልጻፈውም፤ ቀለም አልቆበት ነው ይላል። ወንድሜ ሲያርፍ ለፍትሐት ስም ስንጠየቅ ሦስታችን ሦስት ስም ተናገርን።

እርስዎ ልጆችና የልጅ ልጆች ካሉዎት፣ ዛሬ ማታ ሁሉም ሲሰበሰቡ የክርስትና ስማቸውን አንድ በአንድ ይጠይቋቸውና አንዷን የልጅ ልጅ በወረቀት ያስጽፏት። የማያውቅ ከተገኘ እሱንም አብረው ይዘውት ይምጡ።